የሟች ጎረቤትን የበርበሬ ዘር ሳይደባለቅ ማቆየት፦ ከጎጃም ጓሮ የተጻፈ የአሠራር መመሪያ

በቡሬ፣ በወንበርማ፣ በጃቢ ጠህናንና በደንበጫ በርበሬ የማያበቅል ገበሬ ማግኘት ያስቸግራል። የሚገዛ ዘርም አይጠፋም፤ ማረቆ ፋና አለ፣ ባኮ ሎካል አለ፣ ከመልካሳ የምርምር ማዕከል የወጡትም አሉ። ይህ መመሪያ ስለ እነዚህ አይደለም። አንድ ሰው ዕድሜ ልኩን ከገዛ ጓሮው እየመረጠ፣ እያደረቀና መልሶ እየዘራ ያቆየው በርበሬ አለ። ያ ሰው ሲያርፍ ዘሩ ባለቤት ያጣል። ልጆቹ ከተማ ገብተዋል፤ መሬቱ ለእኩል አራሽ ይሰጣል፤ እኩል አራሹ የራሱን ዘር ይዞ ይመጣል። ሁለት ሦስት ክረምት ካለፈ በኋላ ያን በርበሬ ልፈልግ ቢሉ አይገኝም።

እኔ የማበቅለው የአጥር ጎረቤቴ የነበሩ አዛውንት የተዉትን ነው። ዛላው ረጅም፣ ጫፉ ጠመም ያለ፣ ልጣጩ ወፍራም ሲሆን፣ ሲደርቅ ወደ ጥቁርነት ያደላል። ሰፈሩ እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራዋል። በኅዳር፣ ለቀማው ሳይጀመር፣ ነጭ ፈትል በእጃቸው ይዘው በማሳው መካከል ቀስ እያሉ ሲሄዱና አንዳንዱን ተክል ሲያስሩ አያቸው ነበር። ከተከመረ በርበሬ ላይ ዘር ሲያወጡ አይቼ አላውቅም። በርበሬውን የእርሳቸው ያደረገው ይህ ምርጫ ነው፤ ዘሩን ወስዶ ምርጫውን የተወ ሰው ከጥቂት ዓመት በኋላ በእጁ የሚቀረው ማንኛውም በርበሬ ነው። ስለዚህ ከታች ስለ ችግኝና ስለ ኩትኳቶ የምለው አጭር ነው፤ ስለ መለየትና ስለ መምረጥ የምለው ግን ረዘም ይላል።

ዘሩን ማግኘት

ለቅሶ ቤት ዘር አይጠየቅም። ሐዘኑ ጋብ እስኪል፣ ቢያንስ ዐርባው እስኪወጣ ይታገሡ። ከዚያ በኋላ ግን አይዘግዩ። የበርበሬ ዘር በደንብ ደርቆ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ሦስት አራት ዓመት ይቆያል፤ እርጥበት ባለው ጓዳ ግን በዓመቱ ሊሞት ይችላል።

በቤቱ ውስጥ ሦስት ቦታ ይጠይቁ። የመጀመሪያው ለዘር ተብሎ በቅል፣ በጠርሙስ ወይም በጨርቅ ተቋጥሮ የተቀመጠው ነው። ይህ ከሌለ ለወጥ የተቀመጠውን ደረቅ ዛላ ይመልከቱ። በፀሐይ ብቻ የደረቀ ከሆነ በውስጡ ያለው ዘር ይበቅላል፤ በምጣድ ታምሶ ከሆነ ግን ሞቷል። ሦስተኛው ወፍ ዘራሽ ነው። አጥር ሥር፣ የቤት ጥራጊ በሚደፋበት ቦታ፣ ክረምት ሲገባ ራሱን ችሎ የበቀለ ችግኝ ይገኛል። ወፍ ዘራሹ ከሌላ በርበሬ ጋር ተዳቅሎ ሊሆን ስለሚችል ለብቻው ተተክሎ አንድ ክረምት ሳይታይ አይታመን።

ዘሩን ሲቀበሉ የሟቹን ባለቤት ያነጋግሩ። የትኛው ዛላ ለዘር እንደሚቀር መምረጡ ማሳ ላይ ተጀምሮ ጓዳ ውስጥ ነው የሚያልቀው፤ ስለዚህ ግማሹን እውቀት የያዙት እርሳቸው ናቸው። «ልጣጩ የሳሳውን ለዘር አናስቀረውም፤ ሲወቀጥ ዱቄት የለውም» ያሉኝ የጎረቤቴ ባለቤት ናቸው። እኔ ከአጥር ማዶ ለዓመታት ሳይ ይህን አላወቅሁም ነበር። ምን ያህል እንደሚያቃጥል፣ መቼ እንደሚቀላ፣ ለድልህ ይሻል እንደሆነ ወይም ለዱቄት፣ ዘሩ መጀመሪያ ከየት እንደመጣ ይጠይቁ፤ የሰሙትንም በዚያው ቀን በወረቀት ያስፍሩ። ያለውን ዘር ሁሉ ጠቅልለው አይውሰዱ፤ ግማሹ በቤቱ ይቅር።

ዘሩ በሕይወት መኖሩን መፈተሽ

20 ፍሬ ቆጥረው በእርጥብ የነጠላ ቁራጭ ይጠቅልሉ፤ ውሃው እንዳይተን በላስቲክ ሸፍነው ሙቀት ባለበት ቦታ ያስቀምጡ። በርበሬ ለመብቀል ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚደርስ ሙቀት ይወዳል። ጨርቁ እንዳይደርቅ በየቀኑ ይዩት። በ14 ቀን ውስጥ 16 እና ከዚያ በላይ ከበቀለ ዘሩ ጤነኛ ነው። ከ10 በታች ከሆነ አጠጋግተው ይዝሩት። ሁለት ፍሬ ብቻ ቢበቅልም እነዚያን ሁለቱን በቆርቆሮ ወይም በላስቲክ አፈር ሞልተው ይትከሉ፤ ከሁለት ተክል ተነሥቶ የተመለሰ ዘር አለ።

በባለሙያ መጻሕፍት ዘሩን በ52 ዲግሪ ሙቅ ውሃ ለ30 ደቂቃ ማቆየት ከዘር ጋር የሚመጣ የባክቴሪያ በሽታን እንደሚገድል ተጽፏል፤ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ቴርሞሜትር ለሌለው ሰው አደገኛ ነው፤ ያረጀ ዘርንም ይጎዳል። ዘሩ ጥቂት ከሆነ ይተዉት።

ከሁሉ በላይ ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት ያለዎትን ዘር በሙሉ አይዝሩ። በረዶ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወርዶ መደቡን ጠርጎ ሊሄድ ይችላል። ግማሹ ደርቆ ተዘግቶ ይጠብቅ።

ቦታና አፈር

ለደረቅ በርበሬ የሚስማማው ከባሕር ወለል በላይ ከ1400 እስከ 2000 ሜትር ያለው ወይና ደጋ ነው። ከጮቄ ግርጌ ከፍ ብሎ የሚኖር ሰው ውርጭ ስላለበት ቢደክምም ዛላው ሳይቀላ ይቀርበታል፤ ዘሩን ዝቅ ያለ ቦታ ለሚኖር ዘመድ ቢሰጥ ይሻለዋል። ውሃ የማይቋጥር ቀይ አፈር ይምረጡ። ዋልካ ላይ በርበሬ አይተከል፤ በሐምሌ ሥሩ ታፍኖ ይጠወልጋል። ባለፉት ሦስት ዓመታት ቲማቲም፣ ድንች፣ ትምባሆ ወይም በርበሬ የነበረበትን መሬትም ይለፉ፤ እነዚህ የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ስለሆኑ በሽታቸው አንድ ነው። ጤፍ ወይም በቆሎ የነበረበት መልካም ነው። የምዕራብ ጎጃምና የአዊ ቀይ አፈር ብዙ ጊዜ አሲዳማ ነው፤ ወረዳው የግብርና ኖራ የሚያከፋፍል ከሆነ ቀደም ብለው ይበትኑ፤ ካልሆነም የምድጃ አመድ ከብስባሽ ጋር መቀላቀል በመጠኑ ይረዳል።

ችግኝ

መደቡን በሚያዝያ ያዘጋጁ። ስፋቱ 1 ሜትር ይሁን፤ ከዚያ ከበለጠ ለማረም ውስጥ መግባት ግድ ይሆናል። አፈሩን ከፍ አድርገው ከበሰበሰ ፍግ ጋር ይቀላቅሉ፤ ያልበሰበሰ ፍግ ችግኝ ያቃጥላል፤ ቆራጭ ትልም ይጠራል። በ15 ሴንቲ ሜትር ልዩነት መስመር አውጥተው ዘሩን 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቅበሩት፤ በደረቅ ሣር ይሸፍኑት፤ ጠዋት ጠዋት በወንፊት ማጠጫ ያርከፍክፉ። በ8ኛውና በ15ኛው ቀን መካከል ይበቅላል። ብቅ ሲል ሣሩን ወዲያውኑ ያንሡ፤ በምትኩ ከፍ ያለ የሣር ዳስ ይሥሩለት።

ችግኝ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቀጥኖ ጋደም ካለ የእርጥበት ብዛት ነው። ማታ ማጠጣት ያቁሙ፤ የተጠጋጋውን ያሳሱ፤ የወደቀውን ከነአፈሩ ያውጡ። ዶሮዎችን በአጥር ያርቁ። በርበሬን የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የተባለው ንጥረ ነገር አጥቢ እንስሳትን እንጂ ወፎችን አይሰማቸውም፤ ዶሮ ችግኙንም የቀላውንም ዛላ ያለ ምንም ችግር ትበላለች።

ሱረት የሚወስድ ወይም ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ችግኝ ከመንካቱ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ። የትምባሆ ቫይረስ በእጅ ይተላለፋል፤ በዘርም ላይ ተጣብቆ ወደሚቀጥለው ዓመት ይሻገራል።

ተከላና እንክብካቤ

ዝናቡ ሲረጋ፣ በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ መጀመሪያ፣ ችግኙ ከ45 እስከ 60 ቀን ሲሞላውና ስንዝር ሲያልፍ ይተከላል። ከሳምንት በፊት ጀምረው ውሃውን ይቀንሱ፤ ዳሱንም ያንሡ። በደመናማ ቀን ወይም ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ፣ በመስመሮች መካከል 70፣ በተክሎች መካከል 30 ሴንቲ ሜትር አድርገው፣ ውሃ እንዳይተኛ ከፍ ባለ መስመር ላይ ይትከሉ። በየጉድጓዱ ሁለት እፍኝ ብስባሽ ይበቃል። ዩሪያ ያበዛ ሰው ቅጠል ያያል እንጂ ዛላ አያይም።

ሁለት ጊዜ ይኮትኩቱ፤ በሁለተኛው አፈር ያስታቅፉ። ክሽክሽ የተባለውን ጥቃቅን ተባይ ከቅጠል ሥር ይፈልጉ፤ የሚያስፈራው መምጠጡ ብቻ አይደለም፤ ቫይረስ ያዛምታል። ቅጠሉ ተሸብሽቦ ቢጫና አረንጓዴ የተቀላቀለበትን ተክል ነቅለው ከማሳው ያርቁ። ለገበያ ቢሆን ኖሮ አንድ ሁለት ዛላ እስኪሰጥ ይታገሡት ይሆናል፤ ለዘር በያዙት ማሳ ውስጥ ግን አይታገሡት።

ከሌላ በርበሬ መለየት

በርበሬ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ያዳቅላል። አንድ አበባ ወንዴውንም ሴቴውንም ይዟልና። ነገር ግን ንብ ካለች ከአንዱ ተክል የአበባ ዱቄት ወደ ሌላው ትወስዳለች፤ ጎጃም ደግሞ የማር አገር ነው፤ ቀፎ የሌለበት መንደር የለም። ጎረቤትዎ ማረቆ ፋና ከተከለ የእርስዎ ዘር ከእርሱ ጋር መዳቀሉ አይቀርም።

ብዙዎችን የሚያታልለው ይህ መዳቀል በዚያው ዓመት አለመታየቱ ነው። ዛላው የእናት ተክሉ አካል ስለሆነ መልኩም ልጣጩም እንደቀድሞው ይሆናል። የተለወጠው ውስጥ ያለው ዘር ነው፤ ለውጡ የሚወጣው በሚቀጥለው ክረምት ሲዘራ ነው። «ዘሬ ንጹሕ ነው፤ ዛላውን ተመልከቱ» የሚል ሰው ገና የሚያውቀው ነገር የለም።

ከሌላ በርበሬ ቢያንስ ከ400 እስከ 500 ሜትር ማራቅ ጥሩ መፍትሔ ነው፤ በተጠጋጋ መንደር ውስጥ ግን እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ አበባውን መሸፈን ያስፈልጋል። ከሻሽ ወይም ከሳሳ ነጠላ ሁለት ስንዝር የሚሆን ከረጢት ይስፉ። ዝናቡ ሲቀል፣ ከመስከረም መግቢያ ጀምሮ፣ ጤነኛ ተክል መርጠው እምቡጥ የበዛበትን አንድ ቅርንጫፍ ይያዙ። በቅርንጫፉ ላይ የፈነዳ አበባና የተቋጠረ ፍሬ ካለ ሁሉንም ይቀንጥሱ፤ ያልተከፈተ እምቡጥ ብቻ ይቅር። ከረጢቱን አልብሰው አፉን በክር ይሰሩ፤ ጉንዳን እንዳይገባ በክሩ ሥር ጥቂት ጥጥ ይወትፉ። በየቀኑ ረፋድ ላይ ቅርንጫፉን በጣትዎ ቀስ አድርገው ይነቅንቁት፤ ንብ ስለማትገባ የአበባውን ዱቄት የሚያራግፈው ይህ ነው። ፍሬዎቹ የአተር ፍሬ ሲያክሉ ከረጢቱን ያውልቁና በየአንዳንዱ ፍሬ አንገት ላይ ክር ይሰሩ። ከዚያ በኋላ ንብ ብትመጣም ምንም አታደርገውም፤ በውስጡ ያለው ዘር ተፈጽሟል።

ክሩ ነጭ ወይም ቢጫ ይሁን፤ ቀይ ክር ዛላው ሲቀላ አይታይም። ላላ አድርገው ይሰሩት፤ የጥጥ ክር ሲረጥብ ይጠብቃል፤ የፍሬውም አንገት እየወፈረ ይሄዳል። ዝናብ ያራሰው ከረጢት አበባውን ስለሚያሻግተው በየጊዜው ይመልከቱት። ተክሉ ብዙ ከሆነ በየቅርንጫፉ ከመስፋት አራት እንጨት ተክለው ከአልጋ የወጣ አሮጌ አጎበር ቢያለብሱት ይቀላል። ሰው የሚተኛበትን አጎበር ግን አይንኩ፤ የወባ ወቅት ነው።

ለዘር የሚሆነውን መምረጥ

ከዛላው በፊት ተክሉ ይመረጣል። የሚያምር ትልቅ ዛላ በታመመ ተክል ላይ ሊገኝ ይችላል፤ ያ ዛላ የሚያወርሰው መልኩን ሳይሆን ድካሙን ነው። በኅዳር፣ ለቀማ ሳይጀመር፣ ባዶ እጅዎን ክር ብቻ ይዘው በማሳው ውስጥ ይሂዱ። መጀመሪያ ግንዱን ይዩ፤ ዘንበል ሳይል ሸክሙን የተሸከመ ይሁን። ቀጥሎ ቅጠሉን ይገልብጡና ከሥሩ ነጭ ዱቄት መሰል ሻጋታ እንዳለበት ይመልከቱ። ከዚያ ዛላዎቹ አንድ ላይ መቅላታቸውን፣ የሟቹ ጎረቤትዎ ይወዱት የነበረውን ቅርጽና የልጣጭ ውፍረት መያዛቸውን ይመርምሩ። ከባለቤታቸው የጻፉት ወረቀት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። እርስዎ አጭርና ክብ ዛላ ቢወዱ፣ ለዚያ ሌላ በርበሬ ይትከሉ፤ የእርሳቸውን በእርስዎ ምርጫ አይለውጡት።

የተመረጠው ተክል አንድ ብቻ አይሁን። ከ10 እስከ 20 ተክል ዘር ካልተወሰደ ዝርያው እየጠበበ ይሄዳል፤ አንድ መጥፎ ክረምት ሲመጣ የሚቋቋም አይገኝበትም። ከየተክሉ ከመካከሉ ሁለት ሦስት ዛላ ይበቃል። ዛላው በተክሉ ላይ ሙሉ በሙሉ ቀልቶ ልጣጩ መሸብሸብ እስኪጀምር ይቆይ፤ በአረንጓዴነቱ ተቀጥፎ ቤት የቀላ ዘሩ ደካማ ነው።

ማውጣት፣ ማድረቅ፣ ማስቀመጥ

የተለቀመውን ዛላ ጥላ ውስጥ አንድ ሳምንት ያህል ያሳድሩ። ከዚያ በቢላ ሰንጥቀው ዘሩን በማንኪያ ጀርባ ያራግፉ። ከሁሉ የሚያቃጥለው ዘሩ የተያያዘበት ነጩ ሥጋ ነው፤ እጅዎን በላስቲክ ይሸፍኑ፤ ዓይንዎን አይንኩ፤ የሚጠባ ሕፃን ያላት እናት ይህን ሥራ ለሌላ ትስጥ። እጅ ካቃጠለ በመጀመሪያ ዘይት ይቀቡ፤ ቀጥሎ በሳሙና ይታጠቡ። ውሃ ብቻውን አያወጣውም።

ዘሩን በሰፌድ ላይ አሳስተው ነፋስ በሚገባበት ጥላ ያድርቁ። ቆርቆሮ ላይ፣ የቀትር ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ አይስጡ፤ ከ35 ዲግሪ ያለፈ ሙቀት ዘሩን ይጎዳል። መድረቁን ለማወቅ አንድ ፍሬ በጣቶችዎ ይጠፉት፤ ከታጠፈ ገና ነው፤ ከተሰበረ ደርቋል። ጠቁሮ የተሸበሸበውንና ነጠብጣብ ያለበትን ለቅመው ይጣሉ። የቀረውን ጥብቅ ክዳን ባለው ጠርሙስ ወይም አፉ በሰም በተደፈነ ቅል ውስጥ ያድርጉ፤ ከሥሩ የተነፋና በደንብ የደረቀ አመድ በጨርቅ ቋጥረው ቢያስቀምጡ እርጥበቱን ይስባል። ወረቀት ላይ የሟቹን ስም፣ ቀበሌውን፣ የተለቀመበትን ወርና ዓመት ጽፈው አንዱን ከውስጥ፣ ሌላውን ከውጭ ያድርጉ። የውጩ በጊዜ ብዛት ይደበዝዛል።

ማካፈል

በአንድ ቤት ብቻ ያለ ዘር በአንድ የቤት ቃጠሎ ያልቃል። ሙት ዓመቱ ሲደርስ ዘመድና ጎረቤት በተሰበሰበበት ዘሩን በትንንሽ ቁራጭ ጨርቅ ቋጥሮ መስጠት መልካም ነው፤ ለዝክሩ የሚሠራው ወጥም በዚያው በርበሬ ይሁን። ለተሰበሰበው ሁሉ ከመበተን ግን ለሦስት ታማኝ ሰው መስጠት ይበልጣል፤ አንዱ የሟቹ ቤተሰብ፣ አንዱ እዚያው ያለ ጎረቤት፣ አንዱ ደግሞ በረዶና በሽታ አብሮ የማይመታው ሌላ ወረዳ ያለ ሰው ቢሆን ይመረጣል። ለሦስቱም ይህ መመሪያ አብሮ ይነገራቸው።

ከዚያ የተረፈ ካለ ለኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት መስጠት ይቻል እንደሆነ በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በኩል ይጠይቁ። የኢንስቲትዩቱ መነሻ የሆነው የዘር ባንክ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1976 አዲስ አበባ ተቋቋመ። ለረጅም ጊዜ የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙት የገበሬውን ነባር ዘር በባንክም በማሳም እንዲጠበቅ በማድረጋቸው ነው። የጎረቤቴም ሥራ በዚያ ደረጃ የሚከበር ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በስማቸው የተጻፈ አንድ ከረጢት ዘር እዚያ ቢቀመጥ ደስ ይለኛል።

ሁለተኛው ዓመትና ከዚያ በኋላ

በሁለተኛው ክረምት ከአዲሱ ዘር ይዝሩና በጥንቃቄ ይመልከቱ፤ የተዳቀለ ካለ የሚታየው አሁን ነው። ዛላው ወደ ላይ የቆመ፣ ልጣጩ የሳሳ፣ ወይም ቀለሙ የፈዘዘ ተክል ከወጣ ፍሬው ለወጥ ይሁን፤ ለዘር አይቅረብ። ከአሥሩ ሦስት አራቱ እንዲህ ከሆኑ አዲሱን ዘር በሙሉ ይተዉና በመጀመሪያው ዓመት ወደ አስቀመጡት ግማሽ ይመለሱ። አዲሱ ዘር እውነተኛ መሆኑ እስኪረጋገጥ ያ አሮጌ ከረጢት አይከፈት፤ ለማንም አይሰጥ።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ መዝራት የማይችል ሰው በየሦስት ዓመቱ ይዝራ። በየካቲት ከጠርሙሱ 20 ፍሬ አውጥተው በእርጥብ ጨርቅ ይፈትኑ፤ የበቀለው ከ16 በታች ከወረደ ሦስቱን ዓመት ሳይጠብቁ በዚያው ሚያዝያ መደብ ያዘጋጁ።